ከመስከረም እስከ ሰኔ፦ በጎንደር ትምህርት ቤቶች ጓሮ፣ ዶሮና በግ በተግባር ማስተማር

ጎንደር ላይ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ዝናቡ ሲገባ ነው። ተማሪው ሰኔ ላይ ፈተናውን ጨርሶ ሲበተን ገበሬው በሬውን ይጠምዳል። መስከረም ላይ ተማሪው ሲመለስ ደግሞ ማሳው አብቦ ዝናቡ ሊወጣ ተቃርቧል። ስለዚህ በግቢ ውስጥ ጤፍ ወይም ማሽላ ዘርቶ፣ አርሞና አጭዶ ማስተማር ከትምህርት ዘመኑ ጋር አይገጥምም። የትምህርት ቤት እርሻ ሁለተኛ ዓመቱን ሳያይ ሲቀር ጥፋቱን በመምህሩ ወይም በመሬቱ ላይ ከማድረግ በፊት እቅዱ ከዚህ ቀን መቁጠሪያ ተነሥቶ እንደሆነ መመርመር ይገባል።

እዚህ የምናቀርበው በአሥሩ የትምህርት ወራት ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ሥራ ነው፦ ውኃ እየጠጣ የሚለማ የጓሮ አትክልት፣ እንቁላል ጣይ ዶሮ፣ ለፋሲካ የሚደልብ በግ። የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ለሚያስተምሩ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መምህራን፣ ግብርናን ለሚያስተምሩ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መምህራን፣ ለክበብ ተጠሪዎችም ይሆናል።

መጠኑ

ለመጀመሪያው ዓመት ስምንት መደብ፣ 30 ዶሮና አራት በግ ይበቃል። ክፍሉ 48 ተማሪ ቢኖረው ስድስት ስድስት ሆነው ስምንት ቡድን ይወጣቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ መደብ ይደርሰዋል። ዶሮውንና በጉን በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ይይዛሉ። ከዚህ ከሰፋ የማን እንደሆነ የማይታወቅ መሬት ይፈጠራል፤ የማንም ያልሆነ መደብ ደግሞ እስከ ታኅሣሥ አይቆይም።

የወተት ላም በመጀመሪያው ዓመት አታስገቡ። ላም ቅዳሜ፣ እሑድም ሆነ በዓል በቀን ሁለት ጊዜ መታለብ አለባት፤ በዐቢይ ጾም ወተቷ ገዢ ያጣል፤ ድርቆሿ ብቻ የዶሮውንና የበጉን መኖ በጀት ይበላል። ንብም ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ ውስጥ ቦታ የለውም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይወሰን፦ ውኃ መቅዳትና ፍግ መጥረግ የቅጣት ሥራ እንዳይሆን። ያረፈደ ተማሪ ጓሮ እንዲያጠጣ የሚታዘዝበት ትምህርት ቤት፣ እርሻ የጥፋተኛ ሥራ ነው ብሎ እያስተማረ ነው።

ውኃው ሳይቆጠር ዘር አይገዛም

በጎንደር የበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር የለማ መደብ በቀን 5 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። መደባችሁን 1 ሜትር በ4 ሜትር ካደረጋችሁት ለአንድ መደብ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ስምንቱ መደብ 160 ሊትር ነው። 30 ዶሮ ወደ 8 ሊትር፣ አራት በግ ደረቅ መኖ ሲበሉ ከ12 እስከ 16 ሊትር ይጠጣሉ። በድምሩ 185 ሊትር ገደማ በየቀኑ ማለት ነው።

ይህ ከየት ይመጣል? 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በአንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ 80 ሊትር ያህል ይሰጣል። ክረምቱ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ለመሙላት ከበቂ በላይ ነው፤ ችግሩ ሮቶው ከሞላ በኋላ ነው። ሁሉንም ከእሱ ብትቀዱ በ54 ቀን ያልቃል፤ ጥቅምት 1 የጀመረ ኅዳር ማብቂያ ላይ ባዶ ጋን ይቀረዋል። ስለዚህ ውኃውን ሁለት ቦታ ክፈሉት።

የሮቶው ውኃ ጥሬውን ለሚበላ አትክልትና ለእንስሳት ብቻ ይሁን። ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም ሦስት መደብ ከያዙ 60 ሊትር፣ እንስሳቱ እስከ 25 ሊትር፤ በዚህ አያያዝ ሮቶው ከ110 ቀን በላይ ይዘልቃል። የቀሩት አምስት መደቦች፣ ጎመን፣ ቆስጣና ሽንኩርት የያዙት፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ይጠጡ። 500 ተማሪ እጁን በቀን አንድ ጊዜ በግማሽ ሊትር ቢታጠብ 250 ሊትር ነው፤ መደቦቹ የሚፈልጉት ደግሞ 100። ከመታጠቢያው የሚወጣውን ቱቦ ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ወዳለበት በርሜል አስገቡትና ከበርሜሉ ግርጌ ቅዱ። ውኃው ከአንድ ቀን በላይ አይደር፤ ይሸታል። ከቅጠል ላይ ሳይሆን ከሥር ይፍሰስ። ከመጸዳጃ ቤት አጠገብ የሚወጣ ውኃ ግን ለማንኛውም መደብ አይሆንም። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ቀበሌዎች መታጠቢያው ራሱ የሚደርቅበት ሳምንት ስለሚኖር ለሁለት ቀን የሚሆን ንጹሕ ውኃ የሚይዝ ሌላ በርሜል ያስፈልጋል።

መደብ የሚጠጣበት ሰዓት ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ቀትር ላይ የሚፈስ ውኃ ግማሹ ሥር ሳይደርስ ይተናል። ዓርብ ማታ እጥፍ አጠጡ፤ መደቡን በ5 ሳንቲ ሜትር ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ሸፍኑ፤ እሑድ ከሰዓት የሚመጣ ተረኛ ቡድን ይኑር። ከጥር 10 እስከ 12 ጎንደር በሙሉ ከታቦቱ ጋር ስለሚውል የጥምቀቱን ተረኛ በታኅሣሥ ጻፉት። ለበዓሉ ከገጠር ዘመድ የሚመጣባቸውንና በዝማሬ የሚያገለግሉትን ተማሪዎች ከዚያ ተራ አውጧቸው።

አፈርና ብስባሽ

ወደ አዘዞና ወደ ደምቢያ ሜዳ በወረዳችሁ ቁጥር ዋልካው ይበዛል፤ በተራራው ተዳፋት ያሉት ግቢዎች ግን ቀላና ድንጋያማ አፈር አላቸው። ተማሪው በእጁ ይለየው፦ አንድ እፍኝ አፈር አርሶ በመዳፉ ያድቦልቡልና ወደ ገመድ ያሹረው። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ሳይቆረጥ ከረዘመና ሲታጠፍ ካልተሰነጠቀ ሸክላው የበዛ ነው። ዋልካን እርጥብ ሆኖ አትቆፍሩት፤ ጓሉ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። በበጋ መደቡን ከመተላለፊያው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጉት፤ ውኃው ወዲያ ወዲህ አይፈስም። ዝናብ ባለበት ወር ግን ተቃራኒው፣ ከፍ ያለ መደብ፣ ነው የሚሻለው። ባሕር ዛፍ ካለ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፤ ሥሩ ውኃውንም ብስባሹንም ይወስዳል።

ብስባሽ የሚጀመረው መስከረም ላይ፣ አረሙ ለምለም ሳለ ነው። ጥላ ያለበት ቦታ 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል ይለካ። ከታች አየር እንዲገባ የማሽላ አገዳ ወይም ቅርንጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ይነጠፍ። ቀጥሎ 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ነገር፣ 20 ሳንቲ ሜትር ለምለም አረም፣ 5 ሳንቲ ሜትር ፍግ፣ በላዩ ስስ አመድና አፈር። እየረጠበ 1 ሜትር ከ20 እስኪደርስ ይደጋገም። ቁመቱ ከ1 ሜትር ካነሰ አይሞቅም። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ በሦስተኛው ቀን ስትነቅሉት ጫፉ እጅን ማሞቅ አለበት። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ አንሶታል፤ እርጥብ ሆኖ ሽንት ሽንት ከሸተተ ፍጉ ወይም ውኃው በዝቷል፤ ደረቅ ነገር ጨምሮ መገልበጥ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ሲገለበጥ ከሦስት እስከ አራት ወር ይደርሳል። የመጀመሪያው ብስባሽ ስለዚህ ጥር ላይ እንጂ ጥቅምት ላይ አይገኝም፤ ለጥቅምቱ ተከላ በደንብ የበሰበሰ አሮጌ ፍግ ከጎረቤት ለምኑ። ለአንድ መደብ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይበቃል። ትኩስ የዶሮ ኩስ ችግኝ ያቃጥላል፤ ቢያንስ ሦስት ወር ከብስባሹ ጋር ይቆይ።

መደቦቹ

ሁለት መደብ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ጎመንና ቆስጣ፣ አንድ ሰላጣ፣ አንድ ካሮት፣ አንድ ቲማቲም። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በሁለት ወር ውስጥ ስለሚደርሱ ተማሪውን ያበረታታሉ፤ ሽንኩርቱ ገንዘብ ያመጣል።

ዘር ከመዝራት በፊት ብቅለቱ ይፈተሽ። 50 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሙቅ ቦታ አስቀምጡ። በአሥረኛው ቀን ከ40 በላይ ከበቀለ ጥሩ ነው፤ ከ25 በታች ከሆነ ሻጩ ዘንድ መልሱት። የሽንኩርት ዘር ዓመት ካለፈው ጉልበቱን ስለሚያጣ ይህ ፈተና አይዘለልም።

የቀይ ሽንኩርት ችግኝ ጥቅምት 10 አካባቢ ይፈላል። ለሁለት መደብ 400 ችግኝ ያስፈልጋል፤ ለዚህ 3 ግራም ጥሩ ዘር ይበቃል። በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት መስመር አውጡ፤ ዘሩን 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቅበሩ፤ በደረቅ ሣር ሸፍኑ፤ ሲበቅል ሣሩን ወዲያው አንሡ። የችግኝ አንገት በአፈሩ ልክ ቀጥኖ መውደቅ ከጀመረ ተጠጋግቶ ተዘርቷል ወይም ውኃ በዝቶበታል፤ አሳሱትና ለሁለት ቀን አታጠጡት። ከ45 እስከ 55 ቀን ባለው ጊዜ፣ እርሳስ ሊያክል ትንሽ ሲቀረው፣ በ20 ሳንቲ ሜትር መስመር በ10 ሳንቲ ሜትር ይተከላል። ኅዳር ማብቂያ ላይ የተተከለ መጋቢት አጋማሽ ላይ ይደርሳል፤ የፋሲካ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት የሚፈለግበት ሰሞን ነው። ከመነቀሉ ሁለት ሳምንት በፊት ውኃ ይቁም፤ ያለዚያ አንገቱ ስለማይደርቅ በማስቀመጫው ይበሰብሳል።

ነጭ ሽንኩርት መስከረም ማብቂያ ላይ ጥርሱ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ሹሉ ወደ ላይ ሆኖ ይተከላል። ለተከላ ትልልቁን ጥርስ ምረጡ፤ ትንሹ ወደ ድስት ይሂድ። ጎመንና ቆስጣ በ40 በ30፣ ሰላጣ በ30 በ25 ሳንቲ ሜትር ይተከላሉ። ካሮት ተነቅሎ አይተከልም፤ እቦታው ተዘርቶ በ5 ሳንቲ ሜትር ይሳሳል። ድንጋይ ወይም ጓል ያገኘው ካሮት ሁለት እግር ያወጣል። ቲማቲም እንጨት ይፈልጋል፤ ቅጠሉ መሬት ከነካ በሽታው ይቀድማል።

ተባይን በተመለከተ ደንቡ አንድ ነው፦ ተማሪ የፀረ ተባይ ኬሚካል አይነካም፣ አይረጭም። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ጎመን ላይ ሲወጣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ5 ሊትር ውኃ በጥብጦ ከቅጠሉ ሥር መርጨት ያራግፈዋል። ቆራጭ ትል ችግኝ በሌሊት ከቆረጠ ጠዋት ዙሪያውን 3 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ ትሉን በእጅ መልቀም ነው። የቲማቲም ቅጠል ውስጥ እየተሽሎከሎከ የሚበላው ቱታ አብሶሉታ ከታየ የተጎዳው ቅጠል ተለቅሞ ይቀበር እንጂ ብስባሽ ላይ አይጣል።

ዶሮ

ለ30 ዶሮ 6 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 3 በ2 የሆነ ቤት ይበቃል፤ ልኩ በካሬ ሜትር አምስት ዶሮ ነው። ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ ፀሐዩ በቀጥታ አይገባም። ግድግዳው እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ድፍን፣ ከዚያ በላይ ሽቦ ይሁን። የሽቦው ቀዳዳ ከ2 ሳንቲ ሜትር አይበልጥ፤ ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈ መላ ሰውነቱ ያልፋል። በታኅሣሥ ሌሊት ነፋስ በሚመጣበት ጎን ጆንያ ይውረድ፤ ተቃራኒው ጎን ግን ክፍት ይሁን፤ የታፈነ ቤት ከብርዱ ይልቅ ዶሮን ይጎዳል። ወለሉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የተቆራረጠ ጭድ ይነጠፍ። ለአምስት ዶሮ አንድ የእንቁላል መጣያ ሣጥን፣ 30 ሳንቲ ሜትር በሁሉም በኩል፣ ጨለም ባለ ጥግ።

ጫጩት አትግዙ። ጫጩት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀትና ጠባቂ ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤት ይህን አይችልም። ከሦስት እስከ አራት ወር የሞላውን ቄብ ጥቅምት ላይ ግዙ፤ አምስት ወር ሲሆነው መጣል ይጀምራል። ብዙ እንቁላል ለሚፈልግ ቦቫንስ ብራውን የተባለው ዝርያ፣ እንቁላልም ሥጋም ለሚፈልግ ሳሶ። ከሻጩ የክትባት ካርድ ተቀበሉ፤ የማሬክ፣ የጉምቦሮ፣ የፈንግልና የፈንጣጣ በሽታዎች ክትባት የተሰጠበት ቀን የተጻፈበት መሆን አለበት። ካርድ ከሌለው ዋጋው ቢረክስም ይቅር።

ፈንግል የገባበት ቤት በሳምንት ባዶ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ቅዘን፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ አየር ለመሳብ አፍ መክፈት፣ ድንገተኛ ሞት ምልክቶቹ ናቸው፤ መድኃኒት የለውም። መከላከያው በየሦስት ወሩ የሚደገም ክትባት ነው። ክትባቱ ከበሽታ ይልቅ የሚከሽፈው በአያያዝ ነው፦ ከማከማቻው እስከ ትምህርት ቤቱ ያለ በረዶ ይመጣል፤ ወይም ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውኃ ይበጠበጣል፣ ክሎሪኑም ይገድለዋል። በውኃ የሚሰጥ ከሆነ የዝናብ ውኃ ተጠቀሙ፤ ለአንድ ሊትር 2 ግራም ተኩል ስቡ የወጣለት የዱቄት ወተት ጨምሩ፤ ዶሮዎቹን አስቀድማችሁ ለሁለት ሰዓት ያህል ውኃ ንሷቸው፤ የተበጠበጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ይለቅ። አንድ ብልቃጥ ከ30 ዶሮ በላይ ስለሚበቃና ከተከፈተ ስለማይቀመጥ በዚያው ቀን የጎረቤቶችን ዶሮ አስከትቡ። የእናንተ ዶሮ በሽታውን የሚያገኘው ከእነሱ ነውና ትርፉ የጋራ ነው። ክትባቱን የሚያዘጋጀው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲሆን ተማሪው ዶሮዎቹን ይይዛል፣ ይቆጥራል፣ ይመዘግባል።

ለበዓል ከገበያ የተገዛ ዶሮ በምንም ምክንያት ከእነዚህ ጋር አይደር። በሩ ላይ ኖራ የተነሰነሰበት ሣጥን ይቀመጥና የሚገባ ሁሉ ረግጦት ይለፍ።

አንድ ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ትበላለች፤ 30ዎቹ 3.6 ኪሎ፣ በወር ከኩንታል ትንሽ ከፍ ይላል። በመጀመሪያው ዓመት ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የእንቁላል ጣይ መኖ ግዙ። በሁለተኛው ዓመት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ራሳቸው ማደባለቅ ይችላሉ። ለ100 ኪሎ፦ በቆሎ 48፣ ፉርሽካ 12፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) 17፣ የተቆላ አኩሪ አተር 14፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 8፣ ጨው 0.4፣ የቫይታሚንና የማዕድን ቅመም 0.6። ፕሮቲኑ ወደ 16 በመቶ ይመጣል። አኩሪ አተሩ ካልተቆላ የፕሮቲኑን መፈጨት ይከለክላል። የሻገተ ፋጉሎ ወይም በቆሎ ይጣል፤ ታጥቦም ተቆልቶም መርዙ አይለቅም።

አሁን ሒሳቡ። በጥሩ አያያዝ 30 ቦቫንስ በቀን 24 እንቁላል ቢጥሉ 3.6 ኪሎ ለ24 ሲካፈል ለአንድ እንቁላል 150 ግራም መኖ ወጣ። የዛሬውን የኪሎ ዋጋ በ0.15 አባዙት፤ የአንድ እንቁላል የመኖ ወጪ ነው። ተማሪው ይህን በየሳምንቱ ቢሠራ ምርት ሲወርድ ኪሳራው ከየት እንደሚጀምር በራሱ ቁጥር ያያል።

እንቁላል ሲቀንስ ምክንያቱን በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦ ትናንት ውኃ ተቋርጦ ነበር? መኖ ተቀይሯል? አይጥ ወይም ሰው እየወሰደ ነው? ላባ እየረገፈ ነው? ከዚያ በኋላ ነው በሽታ የሚጠረጠረው። ቅርፊቱ የሚሰባበር ከሆነ ካልሲየም አንሷል፤ የእንቁላል ቅርፊት አድርቆና ፈጭቶ መጨመር ያግዛል። ሌላው ብርሃን ነው። ጣይ ዶሮ 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ትፈልጋለች፤ ጎንደር በታኅሣሥ የምትሰጠው 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሌሊት ከ10 ሰዓት ጀምሮ አንድ ትንሽ አምፖል ቢበራ ይሞላል፤ ግን መብራት በሚቆራረጥበት ግቢ አለመጀመሩ ይሻላል፤ አንድ ቀን በርቶ አንድ ቀን መጥፋቱ ዶሮዋን ላባ ያስጥላታል።

በዐቢይ ጾም 55 ቀን የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከኬክ ቤቶችና ከሙስሊም ደንበኞች ጋር ተነጋገሩ። እንቁላል ሳይታጠብ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ በላይ አታጠራቅሙ።

በግ

በግ ከጥምቀት ማግስት ይገዛል፤ የበዓሉ ግርግር አልፎ ዋጋው ይረጋጋል። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ስለሚውል ከጥር 12 ብትቆጥሩ ቢያንስ 74፣ ቢበዛ 108 ቀን አላችሁ። ማድለቢያ የሚመከረው 90 ቀን ነው፤ ፋሲካ በሚፈጥንበት ዓመት ቀድማችሁ ታኅሣሥ ላይ ግዙ።

ሲገዛ ተማሪዎች አብረው ይሂዱ። ጥርሱ ይታይ፦ ሁሉም ወተት ጥርስ ወይም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቋሚ ጥርሶች የወጡበት ጠቦት በመኖ በደንብ ያድጋል። የታችኛው የዓይን ሽፋን ተገልብጦ ይታይ፤ ቀይ ሮዝ ከሆነ ጤነኛ፣ ነጣ ካለ ደም የሚመጥ ትል አለበት። ከአገጩ ሥር ውኃ የቋጠረ እብጠት ካለ የጉበት ትል ሊሆን ይችላል፤ ረግረግ ሜዳ ላይ ከከረመ በግ ይጠበቃል። ጀርባውን ዳብሱት፤ አከርካሪው የሚታወቅ ግን የማይወጋ ይሁን። አጥንቱ ትልቅ ሆኖ የከሳ በግ ለማድለብ ይሻላል፤ የሚያስል፣ የሚያነክስ፣ ጅራቱ በቅዘን የተጨማለቀ ግን ይቅር።

ለአንድ በግ 1 ካሬ ሜትር ከ20 ደረቅ ወለል ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ድርቆሽና ውኃ ዋና ምግቡ ይሁን። በዚህ ጊዜ ባለሙያው በክብደቱ ልክ የትል መድኃኒት ይሰጣል፤ ደስታ መሰል በሽታንና የበግ ፈንጣጣን ይከትባል። ደቃቁ መኖ በቀን በ100 ግራም ይጀመርና በ14 ቀን ውስጥ ቀስ እያለ 400 ግራም ይድረስ። ድብልቁ ለ100 ኪሎ፦ ፉርሽካ 65፣ የኑግ ፋጉሎ 33፣ ጨው 1፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1። ጠዋትና ማታ ለሁለት ተከፍሎ፣ ድርቆሹ ቀድሞ፣ ደቃቁ ተከትሎ ይሰጥ። ለአራቱ በጎች በ90 ቀን ኩንታል ተኩል ደቃቅ መኖና ወደ ሁለት ኩንታል ተኩል ድርቆሽ አዘጋጁ።

የከተማውን ቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚያገኝ ትምህርት ቤት የፉርሽካውን ከፊል ሊተካበት ይችላል፤ እርጥቡ ግን በሁለት ሦስት ቀን ይኮመጥጣል፣ በተዘጋ በርሜል ጠቅጥቆ መያዝ ያስፈልጋል።

በየአሥር ቀኑ ጠዋት ሳይበሉ በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዘኑ። በቀን ከ60 እስከ 90 ግራም መጨመር ጥሩ ነው፤ በ90 ቀን ከ5 እስከ 8 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያልጨመረ በግ ጥርሱ፣ የዓይን ሽፋኑና የሚበላበት ገንዳ ይፈተሽ፤ ብዙ ጊዜ ጉልበተኛው በግ ከገንዳው እያባረረው ነው።

በጎቹን ወደ ከተማው ጎዳና አትልቀቁ። ፌስታል ይውጣሉ፤ ፌስታሉ በሆድ ተጠቅልሎ ይቀራል፣ በጉ እየበላ ይከሳል። የግራ ጎኑ ከተነፋ ደቃቁን መኖ አንሡ፣ አቁማችሁ አንቀሳቅሱት፣ ባለሙያ ጥሩ። ጆንያ ተፈትቶ መኖ የዘረፈ በግ ቀን ሙሉ ድርቆሽ ብቻ ይብላ፤ ካዘነበለና ካልበላ አይጠበቅም፣ ያው ባለሙያ ነው።

የጤና ትምህርቱ እዚሁ ላይ ይሰጥ። የበግ ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ሲያርፍ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ተማሪው ቴርሞሜትር አያያዝንና ጎን እያየ ትንፋሽ መቁጠርን እዚህ ይማራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው በዓመት አንድ የተግባር ቀን በደብዳቤ መጠየቅ ይገባል። አንድ ነገር ግን ሁሉም ተማሪ በቃሉ ይያዝ፦ በድንገት የሞተ፣ ሆዱ በፍጥነት ያበጠ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የወጣ እንስሳ አይከፈትም፣ አይገፈፍም፣ አይበላም። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ሰው ይራቅ፣ ባለሙያ ይጠራ።

መዝገቡ

ለእያንዳንዱ መደብና የእንስሳት ቤት አንድ ደብተር፣ አምስት ዓምድ፦ ቀን፣ የተሠራው፣ የገባው (ውኃ፣ መኖ፣ ገንዘብ)፣ የወጣው (ኪሎ፣ እንቁላል)፣ የታየ ነገር። የሚሞላው ሥራው እንዳለቀ እቦታው ላይ እንጂ ቤት ሄዶ አይደለም። ፈተናውም በተግባር ይሁን፦ የበግ ዓይን ሽፋን ገልብጦ መናገር፣ 4 ሜትር መደብ በትክክለኛ ርቀት መትከል፣ የሳምንቱን የእንቁላል ወጪ ማስላት። ከሽያጩ በመጀመሪያ የሚነሣው የሚመጣው ዓመት የዘርና የመኖ ገንዘብ ነው።

ከሰኔ በፊት

በጎቹ ለፋሲካ ይሸጣሉ። መምህርና ዘበኛ በግቢው የሚኖሩበት ትምህርት ቤት ዶሮውን ክረምቱን ሊያቆየው ይችላል። ሌላው ግን ሰኔ ላይ ለሠሩት ተማሪዎች የዓመት ድርሻ አድርጎ ያከፋፍለው፤ የተሰጠ ዶሮ ተመልሶ አይገባም፣ ከሰፈር በሽታ ይዞ ይመጣልና። ቤቱ ተጠርጎ፣ በኖራ ተቀብቶ፣ እስከ ጥቅምት ባዶውን ይቆይ፤ የተጠረገው ጉዝጓዝ ወደ ብስባሹ ይሂድ። ባዶ የሚሆኑት መደቦች አረም እንዳይወርሳቸው ዝናቡ እንደጀመረ ባቄላ ይዘራባቸው። በአጥሩ ዳር ደሾ ሣርና ሰስባኒያ የሚተከለውም በዚሁ ሳምንት ነው፤ ጠባቂ ሳይፈልጉ በክረምቱ ያድጋሉ፣ ከመስከረም ጀምሮ ታጭደው ለሚመጣው ዓመት በጎች ድርቆሽ ይሆናሉ። የሮቶው ቧንቧና የጣሪያው አሸንዳ ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ይጠረጉ፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን አጥቦ ወደ ውጭ ይፍሰስ፣ ሁለተኛው ወደ ሮቶው ይግባ። ደብተሮቹ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይቆለፉ።